ቃር ያልዘጋው ድምፅ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለወንድሜ ለጩጬ፣

ሃምሳ ለመድፈን አንድ ዓመት ቢቀርህም ለእኔ ያው ጩጬ ነህና አትቆጣ። ያለህበት አገር ይመችህ፣ ጉልበትህ አይክዳህ፣ ክፉ አይይህ። እኔ ከድምፄ በስተቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው።

ስትደውል የማላነሳው አኩርፌህ አይደለም። የጉሮሮ ሐኪሙ «ከሥራ ሰዓት ውጭ አፍሽን ዝጊ። ማንሾካሾክም አይቻልም፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል» ብሎኛል። ስለዚህ ያለችኝን ድምፅ ለመናኸሪያው እየቆጠብኩ፣ ከቀረው ሰው ጋር በወረቀት ሆኗል ኑሮዬ። ለሰፈራችን ባለሱቅ «ግማሽ ኪሎ ስኳር» ብዬ ጽፌ ስሰጠው፣ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ «እሺ እትዬ! ግማሽ ኪሎ!» ብሎ ይጮህብኛል። መናገር ያቃተው ሰው መስማትም ያቃተው መስሎታል።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ነው። ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬ ውስጥ ፀጉር የተጋደመ ይመስለኛል። ብጠርገው፣ ብጠርገው አይወጣም። ቀጥሎ ድምፄ ሻከረ፤ ከዚያ ይቆራረጥ ጀመር። ታውቃለህ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ የአውቶቡስ መግቢያና መውጫ ስናገር «ምን አለች?» የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን «መሳፈሪያ ቁጥር ሰባት» ልል፣ «ሰባት» ላይ ስደርስ ድምፄ ጥሎኝ ጠፋ። ሰው የመሰለውን ሰማ። አንድ ሽማግሌ ወደ አማቾቼ እሄዳለሁ ብለው በተቃራኒው መንገድ ሁለት ሰዓት ከተጓዙ በኋላ ነው የነቁት። ተመልሰው መጥተው በመስታወቱ ቀዳዳ «አንቺ ልጅ፣ ከአማቾቼ ጋር ጠብ አለሽ?» አሉኝ።

ኃላፊያችን ጠራኝ። ያ አምና የመጣው፣ ሲራመድ ጫማው የሚንጫጫው። «እትዬ፣ ብዙ አገልግለዋል። ድምፅ የሚያወጣ ኮምፒውተር ልናስገባ ስለሆነ በክብር ጡረታ ቢወጡስ?» አለኝ።

«ጡረታዬ አምስት ዓመት ይቀረዋል» አልኩት።

«ድምፅዎ ግን…»

«ድምፄ ታመመ እንጂ አልሞተም። ሳይሞት አትቅበረው።»

ፊቱ ተለዋወጠና እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ያኔ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ ካልጠራ እሰናበታለሁ። በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሐኪሙ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ካየ በኋላ «የድምፅ አውታርሽ ቀልቷል፣ አብጧል። ያቃጠለው ከጨጓራሽ የሚመለስ አሲድ ነው» አለኝ። «እኔ ቃር አያውቀኝም» አልኩት። «ሁሉንም ሰው ደረቱን አያቃጥለውም። አንዳንዱ ላይ በዝምታ ወጥቶ ድምፁን ብቻ ነው የሚወስድበት» አለኝ። ሆድና ድምፅን ምን አገናኛቸው? አንተ የቧንቧ ሰው ነህ። ይሄ ሰውዬ እያሾፈብኝ ከሆነ ንገረኝና ሌላ ልፈልግ።

እህትህ

—

ኅዳር 6

ይድረስ ለታላቄ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ልጅነቴ ቀሚስሽን ይዞ ይከተልሽ። ቤትሽ ሙሉ፣ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ቦይለር ክፍል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባለ አሥራ ስምንት ፎቁ ሕንፃ ሙቅ ውሃ የሚያገኘው ከእኔው ክፍል ስለሆነ፣ ማንም መጥቶ «ምን ትሠራለህ?» አይለኝም።

ሐኪሙ አላሾፈብሽም። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጡንቻ አለ። ምግብ ሲመጣ ይከፈታል፤ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። እኛ እንዲህ ያለውን ቼክ ቫልቭ እንለዋለን፤ ውሃውን ወደፊት ያሳልፋል፣ ወደኋላ አያስመልስም። ያ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። ጨጓራ አሲድ የሚችል ሽፋን አለው፤ ከእሱ በላይ ያለው ግን የለውም። ደረት ላይ ሲቀር ቃር ነው። ጉሮሮ ድረስ ከወጣ ደግሞ ድምፅሽን ያገኘዋል። ስትተኚ ቧንቧው ይጋደማልና እንደ ልቡ ይፈሳል።

ስለዚህ ከራትሽ እስከ መኝታሽ ሦስት ሰዓት ይለፍ። የአልጋሽን የራስጌ እግሮች ስንዝር በማይሞላ ልክ ከፍ አድርጊያቸው። ትራስ መደራረብ አይሠራም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫነዋል። በግራ ጎንሽ ተኚ። ጠግበሽ አትነሺ፤ ትንሽ ትንሽ ብይ። ሆድሽን የሚያጠብቅ ነገር አትታጠቂ። ሐኪሙ የሚሰጥሽን መድኃኒት ደግሞ እንደታዘዘልሽ ውሰጂ፤ አንዳንዱ ከቁርስ በፊት ካልተዋጠ ብዙም አይረዳም።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ አትበዪኝ። ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። እኔም አልፎ አልፎ ቃር ቢጤ ይሞክረኛል፤ የሚታኘክ ኪኒን ኪሴ ውስጥ አለ፣ አንዷን ቆርጠም አድርጌ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ። ለምን አታርፊም? ሃያ ስምንት ዓመት ይበቃል። ለሰው መንገድ ስታሳዪ ጉሮሮሽ አለቀ። ተዪላቸው። እኔ አለሁልሽ፣ ምንም አይጎድልብሽም።

አዲሱ ቦይለር ሲገጠም የተነሳሁትን ፎቶ ልኬልሻለሁ። ከጎኔ ያለው በያጁ ጓደኛዬ ነው፤ ብየዳው እንለዋለን። ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ ሚስቱ ብቻ እንዳትጠይቂው።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 10

ይድረስ ለጩጬ፣

እጅህ አይዛል፣ እንጀራህ አይቋረጥ። ስለ ቼክ ቫልቩ ተባረክ። ስለ ጡረታው ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ። ለሰው መንገድ ማሳየት ጉሮሮዬን አልጨረሰውም። የጨረሰው ከሥራ ሦስት ሰዓት ማታ ወጥቼ፣ አራት ሰዓት ላይ እስክጠግብ በልቼ፣ በላዩ ላይ መተኛቴ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቃርን በገዛ እጄ እየጋበዝኩት ኖርኩ። አሁን ግብዣው ቀርቷል።

ከፈረሰው የመናኸሪያ አጥር አራት ጡብ ለቅሜ ወሰድኩ። ዘበኛው «እትዬ፣ ቤት ሊያስገነቡ ነው?» አለኝ። «አልጋዬን ዳገት ላይ ላወጣው ነው» ብዬ ጽፌ አሳየሁት። የመጀመሪያው ቀን ተንሸራትቼ ግርጌ ላይ ተኮማትሬ ነው የነቃሁት። አሁን ለምጄዋለሁ።

የደንብ ልብሳችን ላይ ያለችውን ሰፊ ቀበቶም ፈትቼ ጣልኳት። ኃላፊው በመስታወት አየኝና «እትዬ፣ ደንቡ!» አለ። የደንቡን መጽሐፍ አውጥቼ «ቀበቶ ሆድ ላይ ይጥበቅ የሚለውን መስመር አሳየኝ» አልኩት። ገለጠ፣ ገለጠ፣ የለም። ጫማውን እያንጫጫ ሄደ። የራት ሰዓቴንም አስተካከልኩ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሁለት አውቶቡስ መሃል ሃያ ደቂቃ አለችኝ። መጀመሪያ ከለከለኝ። የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ምንም ሳልናገር፣ እስኪፈርም ድረስ ፊቱ ቆምኩ። አፍን መዝጋት እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው ባውቅ ኖሮ ከልጅነቴ ነበር የምጀምረው።

ደብተር ይዣለሁ። ማታ የበላሁትን እጽፋለሁ፤ ጠዋት ደግሞ ድምፄ እንዴት እንደነቃ ከጎኑ አሰፍራለሁ። ቲማቲም ጠላቴ ነው። ቅባት የበዛበት ነገርም እንደዚያው። በርበሬ ግን፣ ሁሉም «ተዪ፣ ተዪ» ሲለኝ የከረመው፣ በልክ ከሆነ ምንም አላደረገኝም። ሐኪሙ «የሰው ሆድ እንደ መልኩ ነው፤ ደብተርሽን እመኚ» አለኝ። ቡናን በጥርጣሬ ይዤዋለሁ፤ ገና አልፈረድኩበትም።

የሆድ ሐኪም ጋ ላከኝና ትልቁንም ካሜራ ዋጥኩ። ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አትቅመሺ ተባልኩ፤ ጠዋት ጠብታ ውሃ እንኳን አልፈቀዱልኝም። ጉሮሮዬ ላይ የሚያደነዝዝ ነገር ነፉብኝና አንድ የጎማ ቱቦ ቁልቁል ወረደ። እንባዬ ወረደ እንጂ እኔ አልወረድኩም። ቫልቩ ላልቷል፣ የጨጓራዬም አፍ ትንሽ ወደ ላይ ሸሸት ብሏል፤ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ሰጡኝ። ድምፅ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፣ ሦስት ወርም በላይም ሊፈጅ ይችላል ብለውኛል።

አሁን ተራዬ ነው። ፎቶህን አየሁት። ብየዳውን አይደለም ያየሁት፣ አንተን ነው። አንገትህ ከኮሌታህ ጋር ተጣልቷል። ቀበቶህ ላይ ያለችው አዲስ ቀዳዳ በምስማር የተበሳች ናት። ምን እየበላህ ነው? እሱን ጻፍልኝ። ገንዘብ አትላክልኝ፣ ልብስ አትላክልኝ፣ የምትበላውን ላክልኝ።

እህትህ

—

ጥር 20

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ብርዱ ሲጠና ቧንቧ ይፈነዳል፣ ቧንቧ ሲፈነዳ እኔ የራሴ አይደለሁም።

ስለ ጡቡና ስለ ቀበቶው ለብየዳው ነገርኩት። «እህትህ እዚህ ብትመጣ የሕንፃውን አስተዳዳሪ አስለቅሳ ትለቀዋለች» አለ።

የምበላውን ጠየቅሽኝ። ጊዜ ስለሌለ ሾርባ ነው የማዘወትረው። ሾርባ ይሞቃል፣ ቶሎ ይወርዳል። መክሳቱ ደግሞ ደረጃ ከመውጣት ነው፤ ሊፍቱ በወር ሁለቴ ይበላሻል። ደረቅ ነገር አንዳንዴ ደረቴ ላይ ቆም ይልብኛል እንጂ ውሃ ስጠጣበት ያልፋል። የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

አንቺ ዝምታሽን ጠብቂ። ጣሪያሽ ያፈስ ነበር፣ ተሠራ ወይ?

ወንድምሽ

—

የካቲት 14

ይድረስ ለጩጬ፣

ጣሪያው ደህና ነው። ጣሪያውን ተወው።

መጀመሪያ የራሴን ውርደት ልንገርህ፣ ከዚያ ወዳንተ እመጣለሁ። በጥር አጋማሽ ድምፄ ተመለሰ። እንደ ድሮው ባይሆንም ቃላቱ አይቆረጡም። እኔም ልቤ አበጠና መድኃኒቱን በራሴ ሥልጣን አቆምኩት። «ከእንግዲህ የኪኒን ባሪያ አልሆንም» አልኩ። የጎረቤታችን ልጅ የተመረቀች ቀን ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥብሱን ከነቅባቱ እንደ ሠራተኛ በላሁትና ተኛሁ። እናልህ፣ አላውቀውም ያልኩት ቃር መጣና ተዋወቀኝ። ደረቴ ላይ ፍም የተደፋ መሰለኝ። ሁለት ቀን አንድ ቃል ሳይወጣኝ ቀረሁ። የቲኬት ክፍሏ ልጅ በእኔ ቦታ ማይክራፎን ይዛ «እ… አውቶቡሱ… እ… መጥቷል መሰለኝ» ስትል ሰው በሳቅ ሞተ።

ሐኪሙ ተቆጣኝ። «መድኃኒቱ ይቆማል፤ ግን ቀስ እያለ፣ ከእኔ ጋር ተማክረሽ። በድንገት ሲያቆሙት አሲዱ በእልህ ይመለሳል» አለኝ። ከአሲድ ጋር እልህ ተጋብቼ ተሸነፍኩ። አሁን እልሄን ቦታ ቀየርኩት። ድሮ ሐኪሙን እምቢ እል ነበር፤ አሁን ጥብሱን እምቢ እላለሁ።

ወዳንተ ልምጣ። ደብዳቤህን ይዤ ሄጄ አነበብኩለት። ሳልጨርስ አስቆመኝና «ይሄ ሰው ስንት ዓመቱ ነው?» አለ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያለኝን ልክ እንደነገረኝ እጽፍልሃለሁ፦ ሲውጥ የሚይዘው፣ ሳያስበው የሚከሳ፣ ደም የሚያስታውከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚጠቁር፣ ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ኪኒን እየቆረጠመ አይቀመጥም፤ በፍጥነት ይታያል። አንተ ሁለቱ አሉብህ። «አልፎ አልፎ» ያልከውን ኪኒን በቀን ስንት እንደምትቆረጥም አልጠይቅህም፤ ትዋሸኛለህ።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ይህን ለአንተ መንገር አልነበረብኝም፣ ከውሃ ጋር የምትውል አንተ ነህ። ሌላም የማልጽፈው ነገር አለ፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ሂድና ታይ። የምጠይቅህ ይህንን ብቻ ነው።

እህትህ

—

መጋቢት 9

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

ጤናሽ ይጠበቅ፣ ቀንሽ ይባረክ።

እንደምትፈልጊው አደረግሁ፤ ደስ ይበልሽ። ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ታየሁ። ቁርሴን ጥሩ አድርጌ በልቼ፣ ከብየዳው ጋር ሻይ ጠጥተን፣ ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ካሜራውን አስገቡ፣ አዩ፣ ምንም የለም አሉ። ትንሽ ቃር ነው፣ ኪኒኑን ቀጥል ብለውኛል።

ስለዚህ እኔን ተዪና ፈተናሽ ላይ አተኩሪ። እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ፤ በጣም ነው የምጓጓው።

ወንድምሽ

—

ሚያዝያ 2

ለወንድሜ፣

ቁርስ የበላ ሰው ካሜራ አይውጥም።

እኔ ከማታ ጀምሬ ጦሜን አድሬ፣ ጠዋት ከንፈሬን በጨርቅ አርጥቤ ነው የገባሁት። ያንተ አገር ሐኪም ሻይ አጠጥቶ ያስገባል? ሞኝ አደረግኸኝ ጩጬ። «ውድ እህቴ» ስትለኝ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ በዕድሜህ እንዲህ ጽፈህልኝ አታውቅም።

ያልጻፍኩትን አሁን እጽፈዋለሁ። አባባን። ሾርባ ብቻ በላ፤ ከዚያ ውሃ ብቻ ጠጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ሰው «ጉሮሮው ተዘጋ» አለ፤ እኛም ተቀብለን ቀበርነው። እኔ ሥራ ፍለጋ ብዬ እሸሽ ነበር፤ በማንኪያ ያጠጣኸው አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ «በእኔ ፊት ስሙን አታንሱብኝ» ብዬ ቤቱን ሁሉ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ያ ዝምታ የሐኪም ትእዛዝ አልነበረም። የፈሪ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለአንተ ግን አላወርሰውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ምን እንዳለብህ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ምናልባት ቀላል ነው። ምናልባትም አይደለም። ሳታየው የምትሞትለት ነገር ግን አይደለም።

ፈተናዬ መጋቢት 28 ተደርጓል። ውጤቱን አልነግርህም። የሐኪምህን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ ያኔ እነግርሃለሁ።

እህትህ

—

ሰኔ 18

ይድረስ ለእትዬ፣

የምታውቂው ልጅ ነኝ፤ ሰላምታ ለማሳመር አፈርኩ። ደህና ሁኚልኝ፣ ይህ ይበቃል።

ደብዳቤሽን አምስት ሳምንት የመፍቻ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በየቀኑ አወጣዋለሁ፣ አነባለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። ኪኒኑ፣ ካነሳሽው፣ በቀን አሥራ አራት ደርሶ ነበር። ብየዳው «ፈረስ እንኳን እንዲህ አይቆረጥምም» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የተቀቀለ እንቁላል በላሁ። ደረቴ ላይ ቆመ። ውሃ ጠጣሁበት፣ ውሃው ተመልሶ ወጣ። ምራቄ እንኳን አልወርድ አለ። ብየዳው «መኪና ላምጣ» ሲል በእጄ ከለከልኩት። ሁለት ሰዓት ያህል ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ባልዲ ውስጥ ስተፋ ቆየሁ። አባባን አየሁት እትዬ። ማንኪያውን ሳቀርብለት በዓይኑ «በቃ» ይለኝ እንደነበረው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ያኔ ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ማወቅ ፈራሁ።

እንቁላሉ በመጨረሻ ወረደ። ተነሳሁ። ማንም አልጎተተኝም፤ ያንን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። በማግስቱ ጠዋት፣ ጦሜን፣ በእግሬ ሄድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ላለችው ሴት «ስውጥ ይይዘኛል፣ ከስቻለሁ፣ አባቴ እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው» አልኳት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልወጣችኝ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣች። በሳምንት ውስጥ ካሜራውን አስገቡልኝ።

የምግብ ቧንቧዬ ታችኛው ክፍል በጠባሳ ጠቧል። ሐኪሟ «የብዙ ዓመት አሲድ ነው ያቆሰለው። ኪኒኑ ማቃጠሉን ዝም ያሰኝልሃል እንጂ ቁስሉን አልነካውም» አለችኝ። በትንሽ ፊኛ አስፍተውታል፤ ሌላ ሁለት ጊዜም ሊደግሙት ይችላሉ። ሥጋ ቆርሰው ወስደው መረመሩ። ውጤቱን አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ካንሰር አይደለም። ጠባሳው አጠገብ ግን የቧንቧው ሽፋን መልኩን መለወጥ ጀምሯል፤ መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰድኩ፣ በየጊዜው እየተመለስኩ እታያለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይኸው፣ አብሬ ልኬዋለሁ።

የአባባም ይኸው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አሁን ማወቅ አይቻልም፤ ያኔ ቢታይ ኖሮ ይታወቅ ነበር» አለችኝ።

አልጋዬ ጡብ ላይ ወጥቷል። ትናንት ደግሞ ከዳቦ ቤት የወጣ ትኩስ ዳቦ ገዛሁ። ቦይለሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በደንብ እያኘክሁ፣ ከነቅርፊቱ ጨረስኩት። ወረደ እትዬ። ማንም ሳይገፋው ወረደ። ብየዳው ቆሞ አየኝና ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ፤ ብልጭታ ገባብኝ አለ፣ የበየደው ነገር ሳይኖር።

አሁን ውጤትሽን ንገሪኝ። አሠቃየሽኝ።

ወንድምሽ

—

ሐምሌ 10

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለጩጬ፣ ለጀግናው፣

የበላኸው ይስማማህ፣ የዋጥከው ይውረድልህ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት አላውቅም።

ፈተናውን ስማ። ሦስት ሆነው ተቀመጡ፦ ኃላፊው፣ የቲኬት ክፍሉ አለቃ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች አንዲት ሴትዮ። የማግስቱን የጉዞ ሰሌዳ ሰጡኝ። ድምፄ እንደ ድሮው ቀጭን አይደለም ጩጬ፤ ወፈር፣ ጎርነን ብሏል። ድሮ ስጮህ እውል ነበር፤ አሁን ማይክራፎኑን ጠጋ አድርጌ ዝግ ብዬ ነው የምናገረው። አርባ ሁለቱንም አውቶቡስ አንድ በአንድ አነበብኩ።

ኃላፊው «የድሮው ድምፅ አይደለም» አለ።

«የድሮውን እኔም አልፈልገውም። በስንት መከራ ያገኘሁት ይሄኛውን ነው» አልኩት።

ሴትዮዋ ተነሳች። «ድገሚው» አለችኝና ወጣች። መናኸሪያውን አቋርጣ፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ፣ ሞተሮቹ እንደተነሱ ከሚቆሙበት ጥግ ድረስ ሄደች። ስትመለስ «እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች። ሌላ ምን ቀረ?» አለቻቸው። ምንም አልቀረም።

ኮምፒውተሩም መጥቷል፤ አልዋሽህም። መደበኛውን ጉዞ እሱ ይናገራል፤ የዘገየውን፣ የተቀየረውንና የጠፋውን ሰው እኔ። መጀመሪያ ልቤ ቆስሎ ነበር። አሁን ግን ጉሮሮዬ በቀን ግማሹን ያርፋል፣ ደመወዜ ያው ነው፣ የራት ሃያ ደቂቃዬም ተፈርማ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች። መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ሆነን እየቀነስነው ነው። ደብተሬ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ቃሩ አልሄደም። እኔም አልሄድኩም።

ደብዳቤህ ትናንት ሥራ ላይ ሆኜ ደረሰኝ። የሚነሱት አውቶቡሶች መሃል ላይ ከፈትኩት። «ካንሰር አይደለም» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ዳቦው ጋ ስደርስ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እጄ በራሱ ሄዶ ማይክራፎኑን ከፈተ።

«ማስታወቂያ ለክቡራን ተጓዦች። ሩቅ አገር ያለው ወንድሜ አንድ ዳቦ ከነቅርፊቱ በልቷል። በድጋሚ፦ ከነቅርፊቱ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ መስታወቱ ዞረ። ከዚያ ከአንዱ መሳፈሪያ አንድ ሰው «እሰይ!» አለ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ። ሴቶች አጨበጨቡ። አንዱ ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ፤ ሌላውም ነፋ።

ኃላፊው ጫማውን እያንጫጫ በሩጫ መጣ። «እትዬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ማስታወቂያ ነው?»

«እውነተኛ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። «መሥሪያ ቤቱን የማይመለከት ማስታወቂያ በማሰማትዎ» ይላል። ማስተባበያ ካለዎት ከታች ይጻፉ የሚል ባዶ መስመርም አለው። ፈረምኩ። በባዶው መስመር ላይ «ማስተባበያ የለኝም፤ በልቷል» ብዬ ጻፍኩና መለስኩለት።

እህትህ